ሙዚየማችሁ ለሰው ምን እንደጠቀመ በቁጥር አሳዩ ለተባልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። «ትንሽ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ነው የምሠራው፣ አረጋውያን እየጠራን ቡና እናፈላለን፣ ቅርስ እናሳያለን፣ አሁን ለማኅበረሰቡ ያመጣችሁትን ለውጥ በቁጥር አምጡ ተባልን፣ የተዘጋጀ ቅጽ ያላችሁ ላኩልኝ» ያልሽውን ትናንት ማታ አነበብኩት። እኔም ክፍለ ሀገር ያለ ሙዚየም ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ልክ አንቺ ያለሽበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። ቅጽ ግን አልክልሽም። እኛን የጎዳን ቅጹ ነው።

1. ቅጹን በአስጎብኚ አታስሞዪ። ከአንድ የውጭ ድርጅት ለአንድ ዓመት የሚሆን ገንዘብ አግኝተን ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ አስጎብኚዎቻችን ለእናቶች እያነበቡ አስሞሉ። «ፕሮግራሙን እንዴት አገኙት?» እስቲ ምን ይበሉ? ቡና አጠጥተሻቸዋል፣ ዳቦ ቆርሰሽላቸዋል፣ ልጃቸው የምትሆን አስጎብኚ ብዕር ይዛ ፊታቸው ተቀምጣለች። «ኧረ እግዜር ይስጥልን፣ በጣም ጥሩ ነው» አሉ። አንድ ካርቶን ሙሉ «በጣም ጥሩ» ሰበሰብን። የለካነው ይሉኝታቸውን ነው። ድርጅቱ «ሲጀምሩ እንዴት ነበሩ?» ብሎ ጠየቀ። ሲጀምሩ አልጠየቅናቸውም። ገንዘቡ ቆመ። የሚመጡበት ቀን ሲደርስ ሳይሰሙ በር ድረስ መጥተው የተመለሱ አዛውንቶች ነበሩ፣ እሱ እስከዛሬ ያመኛል።

2. ሲገቡም ሲወጡም ጠይቂ፣ ግን ሳታዪ። የለንደኑ ዩሲኤል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ለሙዚየሞች ያወጡት መለኪያ አለ። ጃንጥላ የሚመስል ሥዕል ነው፤ ስድስት ክፍል አለው፣ በየክፍሉ አንድ የስሜት ቃል ተጽፏል፣ ሰውዬው ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ተርጉመን ሞከርነው፣ ግን ብዙዎቹ እናቶች ማንበብ አይችሉም፣ «መነቃቃት» ስንላቸው ደግሞ «ከእንቅልፍ ነው?» አሉን። ስለዚህ ቃሉን ትተን ባቄላ ገዛን። ለእያንዳንዳቸው ክዳን ያላት ትንሽ ጣሳ፣ ጣሳዋ ላይ የየራሳቸው ቀለም ክር። ሲገቡ «ዛሬ ልብዎ እንዴት ነው?» እንላለን። በጣም ከከፋቸው አንድ ባቄላ፣ ደህና ከሆኑ እስከ አምስት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ገብተው ይጥላሉ። ሲወጡም እንዲሁ፣ በሌላ ጣሳ። የምንቆጥረው ሁሉም ከሄዱ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስንቆጥር ግማሹ ሰው ሲገባ አንድና ሁለት ነው የጣለው። እነዚያው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው የገቡት ናቸው!

አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤት አይወጡም። እጃቸውን ይዛ ያመጣቻቸው የሰፈሩ ጤና ኤክስቴንሽን ናት (ቤት የቀረውን ሰው የምታውቀው እሷ ናት፣ ከእሷና ከእድር ሰብሳቢው ጀምሪ፣ ማስታወቂያ አትለጥፊ)። ሦስት ሳምንት ሲገቡ አንድ ባቄላ፣ ሲወጡ አንድ ባቄላ። ቃል አይተነፍሱም። በአራተኛው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ካለው እንዝርት አነሱ። የተመዘገበ ቅርስ አይደለም፣ እንዲነካ ብለን ከገበያ የገዛነው ነው፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ባዘቶውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ይሄ በደንብ አልተነደፈም» አሉ። ከዚያ መፍተል ጀመሩ። አጠገባቸው ያሉት «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሏቸው። የዚያን ቀን ሲወጡ አራት ባቄላ ጣሉ።

ከሳቸው ነው ትልቁን ጥያቄ ያገኘነው። በወሩ «እዚህ ካወቁት ሰው ቤት ሄደው ቡና ጠጥተዋል?» ብለን ጠየቅን። ይህ ጥያቄ ሙዚየሙን አያስመሰግንም፣ ስለዚህ ይሉኝታ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። «አዎ» ካሉ «የማን ቤት?» ትያለሽ። በሁለተኛው ሪፖርታችን ከባቄላው ይልቅ ገንዘቡን ያስመለሰልን ይሄ ነው።

3. ስለ ቢሮ። የትብብር ደብዳቤ ፈልጌ አንድ ቢሮ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «መዝገብ ቤት ጠይቂ»፣ «ነገ ነይ»። መጨረሻ ላይ ኃላፊው ከስልኩ ቀና ሳይል «ሙዚየም ጤና ጣቢያ ሆነ እንዴ? የጎብኚ ቁጥርና የትኬት ገቢ አምጪ» አለኝ። የሞንትሪያል ሐኪሞች ከ2018 (በፈረንጅ) ጀምሮ ለሕመምተኛ የሙዚየም ጉብኝት በማዘዣ እንደሚጽፉ አትሜ ወሰድኩለት። አላነበበውም። በሚቀጥለው የእድሩን ሰብሳቢና ሁለት እናቶችን ይዤ ገባሁ። እኔ ዝም አልኩ፣ እነሱ ተናገሩ። ደብዳቤው በዚያው ቀን ተፈረመ። በዚያ ቀን የኮራሁትን ያህል በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ደስታን ብቻ እንዳትለኪ። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አስቢው። ፎቶዎቹ ፊት ቆሞ የሚያለቅስ ሰው አለ። በባቄላችን ብትለኪው «ሙዚየሙ ጎዳው» ይልሻል። እኛም ጋ ከድሮ ፎቶዎች መካከል የሞተ ልጃቸውን አግኝተው አንድ ባቄላ ጥለው የወጡ አባት ነበሩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ወንድማቸውን ይዘው መጡ። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ደብተር ያዢ፤ ማን ተመለሰ፣ ማንን ይዞ መጣ፣ ምን አለ። በራሳቸው ቃል ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ቀን ስትመርጪም የገበያ ቀን አይሁን። የመጀመሪያውን ወር ያቃጠልነው በሱ ነው።

የደብተራችንን አከፋፈል ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። አዲሱን ዙር ግን የመግቢያውን ባቄላ ሳታስጥዪ እንዳትጀምሪ።