«ሆድ ይፍጀው» ለምትሉ ልጆቼ

በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ታካሚዎች ዘግይተው መምጣታቸው ነው። ብዙዎቹ ያዩትን ክፉ ነገር «ሆድ ይፍጀው» ብለው ለዓመታት ከተሸከሙት፣ እንቅልፍ አጥተው ከሰው ከራቁና ቤተሰብም «ጠባዩ ተበላሸ» ካላቸው በኋላ ነበር በራችንን የሚያንኳኩት።

በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት የተመለሰ አንድ ወጣት አስታውሳለሁ። የሚኒባስ በር በኃይል ሲዘጋ ተኩስ ስለሚመስለው ታክሲ መሳፈር ትቶ፣ እኛ ዘንድ የመጣው ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ነበር። ስጨብጠው መዳፉ በላብ ርሷል። «ፈሪ ሆንኩ» አለኝ።

ፈሪ አልነበረም። አደጋ ሲመጣ ሰውነታችን የልብ ምትን አፋጥኖ ለመሸሽ ወይም ለመታገል ያዘጋጀናል፤ አደጋው አልፎ ይህ ዝግጁነት ሳይበርድ ሲቀር ግን ያለፈው ነገር በቅዠትና በድንገተኛ ትዝታ፣ አሁን እየሆነ እንዳለ ሆኖ ይመለሳል። ከሚያስታውሰን ነገር ስንሸሽ ለጊዜው እፎይ እንላለን፤ ነገር ግን የሸሸነው ነገር እንደማይጎዳን የምናይበት ዕድል ስለማናገኝ ፍርሃቱ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ያ ወጣት የደረሰበትን ለሥነ ልቦና ባለሙያ ጥቂት በጥቂት እየተናገረ፣ በመጀመሪያ ታክሲ ተራ ቆሞ የበሩን ድምፅ ብቻ ሰማ፤ ከሳምንታት በኋላ ጋቢና ተቀምጦ አንድ ፌርማታ ተጓዘ።

ክፉ ነገር ከደረሰብን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት መባነንና መረበሽ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ሰውም ያገግማል። ከአንድ ወር ካለፈና ሥራችሁን ወይም ትምህርታችሁን ካወከ ግን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣባችሁ አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩት። የተደፈረ ሰው የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ለማግኘት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል ወዲያውኑ፣ መድረስ አለበት። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለላችሁ፤ ስሙን መሳደቢያ ማድረጋችን ስንቱን ከደጁ እንደመለሰው ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ጠበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፣ መድኃኒታችሁን ግን አታቋርጡ። መጠጥና ጫት እንቅልፍን አበላሽተው ሕመሙን ያባብሳሉ።

የተጎዳ ወዳጅ ያላችሁ ደግሞ ንገረኝ ብላችሁ አታስጨንቁት፤ አብራችሁት ሂዱ። የዚያ ወጣት እኅት በየቀጠሮው አብራው በእግሯ እየመጣች ኮሪደር ላይ ትጠብቀው ነበር፤ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ወራጅ አለ» ያለበትን ቀን የነገረችኝም እሷ ናት።