ደሙ ከመድኃኒቱ በፊት ይቀዳ፦ መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች ጥያቄና መልስ

መላሿ የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ባለሙያ ናቸው።

የአራስ እናት፦ ልጄ በተወለደ በሦስተኛው ቀን የደም ኢንፌክሽን ያዘው። አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን ተጀመረለት፤ በኋላ ክሌብሲዬላ የሚባል ባክቴሪያ ነው ተብሎ ወደ ሜሮፔኔም ተቀየረ። አሁን ደኅና ነው። የመጀመሪያዎቹ ለምን አልሠሩም?

መልስ፦ እንኳን ማረልዎ እህቴ። ክሌብሲዬላ አምፒሲሊንን በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ ከሁለቱ ተስፋ የሚጣልበት ጀንታማይሲን ነው። ነገር ግን ባክቴሪያው ፕላስሚድ የምትባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ሊይዝ ይችላል። ሴፍትሪያክሶን የተባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ የሚሰባብረው ኢንዛይምና ጀንታማይሲንን የሚያከሽፈው ብዙ ጊዜ በዚያችው ቀለበት ላይ አብረው ይገኛሉ። ባክቴሪያው ቀለበቷን ገልብጦ ለጎረቤቱ፣ ኢ. ኮላይ ለተባለው ሌላ ባክቴሪያ ጭምር፣ ያቀብላል። ስለዚህ አንዱን መድኃኒት ያለአግባብ ስንጠቀም ሌላውንም እናጣለን። ሜሮፔኔምን የሚቋቋም ክሌብሲዬላም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ዝርዝር እጅግ አሳሳቢ ከተባሉት መድቦታል። የልጅዎ ባክቴሪያ የታወቀው ደሙ ከመድኃኒቱ በፊት ስለተቀዳ ነው።

ጠያቂ፦ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ብወስድስ?

መልስ፦ አይውሰዱ። ጉንፋን የቫይረስ ነው።

ጠያቂ፦ ሴፍትሪያክሶን አይሠራልኝም፤ ሰውነቴ ለምዶታል።

መልስ፦ የሚላመደው ባክቴሪያው ነው፤ ሰውነትዎ አይደለም።

ፋርማሲስት፦ ጥፋቱ ያለ ማዘዣ የሚሸጡት ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦ ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ የሆነበት ገበሬስ ማዘዣ ከየት ያምጣ?

ፋርማሲስት፦ ሁለት ቀን ውጦ ከሚያቆም ባይወስድ ይሻለው ነበር።

መልስ፦ ክርክራችሁ ተገቢ ነው፤ ግን አራሱን አትርሱት። እርሱ በሕይወቱ አንድ እንክብል አልዋጠም። ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ባልታጠበ እጅ፣ በመምጠጫ ቱቦ፣ ለብዙ ሕፃናት በሚከፈት አንድ ጠርሙስ ነው። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውኃ ሲቋረጥ ችግሩ የእኛ የጤና ባለሙያዎችም ነው።

ጠያቂ፦ ከሁሉም ጠንካራው አንቲባዮቲክ የትኛው ነው?

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜ ተጠየቅሁ። ለየትኛው ባክቴሪያ? በደም ነው ወይስ በአንጎል ሽፋን? ይህን ሳይነግሩኝ አልመልስም።

ሐኪም፦ የካልቸር (ባክቴሪያውን ከደሙ አብቅሎ የመለየት ምርመራ) ውጤት ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። በሽተኛው ይጠብቅ?

መልስ፦ በፍጹም! ደሙ ይቀዳ፣ መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመር፤ ውጤቱ ሲመጣ ይስተካከላል። ከአራስ ቢያንስ 1 ሚሊ ሊትር ቅዱልን። በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ደሙ የሚደርሰን ሴፍትሪያክሶን በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ነበር። መድኃኒቱ ባክቴሪያው እንዳይበቅል ስለሚያደርገው «ምንም አልበቀለም» ብለን እንጽፋለን፤ ሐኪሙም ኢንፌክሽን የለም ብሎ ያነበዋል። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ደሙ ከመድኃኒቱ በፊት!

የአራስ እናት፦ ቤት ያለችውን ታላቅ እህቱን ይይዛት ይሆን?

መልስ፦ ጤነኛ ልጅ በዚህ ብዙም አይታመምም፤ ሆኖም ባክቴሪያው በአራሱ አንጀት ሊቆይ ስለሚችል ዳይፐር በቀየሩ ቁጥር እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጡት ማጥባትዎን አያቋርጡ። የካልቸሩን ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር ያስቀምጡ፤ እንደገና ቢታመም ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚያሳዩት እርሱን ይሁን።