ለጊዜው ማዘል ይቅር፤ ላሲክሱም በሲሪንጅ ይለካ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። የ2 ዓመት ልጅሽ የልቧ ክፍተት አዲስ አበባ ላይ በቀዶ ሕክምና ተዘግቶላት ጎንደር ከገባች 4 ቀኗ ነው ብለሻል። መቼ ማዘል እንደምትችዪ፣ እንዴት እንደምታጥቢያትና ላሲክሱን (ሽንት የሚያሸናውን መድኃኒት) እንዴት እንደምትሰጫት ጠይቀሻል።

የደረቷ አጥንት መሐል ለመሐል ተከፍቶ በሽቦ ወይም በጠንካራ ክር ታስሯል። እስኪገጥም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ስትታዘል ደረቷ ጀርባሽ ላይ ይጫናል፣ እጆቿም ወደ ጎን ይለጠጣሉ፤ ስለዚህ ሐኪሟ እስኪፈቅድ ማዘል የለም። በብብቷ ይዞ ማንሳትና እጇን መጎተትም እንዲሁ ነው። አንድ እጅሽን ከትከሻዋና ከአንገቷ ሥር፣ ሌላውን ከመቀመጫዋ ሥር አስገብተሽ አቅፈሽ አንሻት። ለአያቶቿም ለጎረቤትም አስቀድመሽ ንገሪ፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱን የሚሠራው ሊጠይቅ መጥቶ በደስታ ብብቷን ይዞ ወደ ላይ የሚያነሳት ዘመድ ነው። ልብሷ ከፊት የሚከፈት ቢሆን ይሻላል።

ቁስሉ ቅርፊቱ እስኪረግፍ ገንዳ ውስጥ አትዘፍዝፊያት። ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ሰውነቷን ጥረጊ፣ ቁስሉን ሳታሺ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርገሽ አድርቂ። ቅቤ፣ ማር፣ ቅጠል፣ ቅባት አይነካው። ጠበል ከወሰድሻት ቁስሉ አይረጥብ፣ መድኃኒቷም ለአንድ ቀን እንኳ አይቋረጥ። ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ስታለቅስ ደረቷ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ሳታድሪ ደውዪ።

ላሲክስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። የአዋቂ ክኒን 40 ሚሊ ግራም ነው። በዓይን ግምት የተሰበረ ክኒን አንድ ቀን ይበዛል፣ አንድ ቀን ያንሳል። ለምሳሌ የታዘዘላት 10 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ ሙሉውን ክኒን ፈጭተሽ በ8 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጪ፤ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ ለእሷ 2 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። መድኃኒቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ በደንብ አማስለሽ ወዲያው በሲሪንጅ ሳቢ፤ የተረፈውን ድፊ። የሻይ ማንኪያ አይሆንም፣ መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል። የራሷን ቁጥር ግን ፋርማሲስት ወረቀቷን አይቶ ይጻፍልሽ። በቀን ሁለቴ ከሆነ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ገደማ ስጫት፤ ማታ ከሰጠሻት ሽንቷ እንቅልፍ ይነሳታል። ካስታወከችው ሳትጠይቂ አትድገሚ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛት በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ደውዪ፤ ላሲክሱ ውኃና ፖታሲየም እያስወጣ ባለበት ተጨማሪ ፈሳሽ ማጣት ለልቧም ለኩላሊቷም አደገኛ ነው።

ለሕመሟ ፓራሲታሞል በቂ ነው፤ አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ፈቃድ አትስጫት። ከመስጠትሽ በፊት ግን ሁልጊዜ ሙቀቷን ለኪ፣ ካልሆነ ትኩሳቷን ይሸፍንብሻል። 38 ዲግሪ እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉንፋን ነው ብለሽ አትለፊው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት የልብ ሽፋን ተቆጥቶ ዙሪያውን ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ምልክቱ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ምግብ እንቢ ማለትና ማስታወክ ነው፤ የሚለየውም በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ነው። ለዚህ ነው ልጅቷ እየሮጠች ብትሆንም እንኳ የክትትል ቀጠሮዋ የማይዘለለው። መንገዱ ሩቅ መሆኑ ይገባኛል፤ ቢያንስ ቀጠሮው ከማለፉ በፊት ቀዶ ሕክምናው ለተደረገላት ማዕከል ደውለሽ ጎንደር ላይ ኤኮ የምትነሳበትን መንገድ ጠይቂ።

አንድ ያልጠየቅሽው ነገር፦ ጉሮሮዋን ስትታመም እንጥሏን ማስቆረጥ ወይም ድዷን ማስነካት የሚመክርሽ ሰው አይጠፋም። በፍጹም። ከአፏ የገባ ባክቴሪያ በደም ሄዶ አዲሱ ጥገና ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጥርሷን በቀን ሁለት ጊዜ ቦርሺላት፤ ጥርስ ሐኪም ጋ ከሄደችም ልቧ መጠገኑን ቀድመሽ ተናገሪ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ቀድሞ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልጋት ይችላል።

ሌሊት እየባነነች ካለቀሰች፣ ካንቺ አልለይም ካለች ወይም ትታው የነበረውን አልጋ ማርጠብ ከጀመረች አትቆጫት። ከሆስፒታል የወጡ ሕፃናት ላይ የተለመደ ነው፣ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ማዘል ባይቻልም ጎንሽ አስተኝተሽ እጇን ያዥላት።