የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከጎንደር ወደ ጣሊያን የሚሻገር ቤት

በዚህ እትም ጣሊያን ስላሉ ወይም ወደዚያ ስለሚሄዱ ቤተሰቦች ከጎንደር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሚሠራው ቦሎኛ ነው። እኔንና ሁለት ልጆቻችንን የሚወስድበት የቤተሰብ ፈቃድ፣ ኑላ ኦስታ የሚሉት፣ ወጥቶለታል። የትልቋ ልጄ የልደት የምስክር ወረቀት ላይ ያለው ቀን ግን ከፓስፖርቷ ጋር አይገጥምም። በዚህ ምክንያት እንጉላላ ይሆን? (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ አዎ፣ ያጉላላችኋል፤ ደግነቱ ገና ጎንደር ሳላችሁ ይታረማል። ጣሊያን ውስጥ ሰው የሚታወቀው ኮዲቼ ፊስካሌ በሚባል 16 ፊደልና አኃዝ ባለው መለያ ነው። ይህ መለያ ከቤተሰብ ስም፣ ከራስ ስም፣ ከልደት ቀንና ከትውልድ አገር ተቀምሮ ስለሚወጣ አንድ ቀን ከተዛባ መለያው የሌላ ሰው ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ቤቱ በአንዱ፣ ትምህርት ቤቱ በሌላው መዝግቧት ልጅቷ ሁለት ሰው ሆና ትቀራለች። የልጅዎ መለያ ወጥቶ ሲያዩት አይደንግጡ፦ ለሴት በልደት ቀኑ ላይ 40 ይደመራልና በ15 የተወለደች ልጅ 55 ተብሎ ይጻፍባታል፤ የኢትዮጵያ ምልክት ደግሞ ዜድ 315 ነው።

ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው የዘመን አቆጣጠሩ ሲለወጥ ነው። መስከረም 5 ቀን 2010 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2017 ነው፤ ልዩነቱ 7 ዓመት። በዚያው ዓመት ለጥምቀት፣ ጥር 11 የተወለደ ግን ጃንዋሪ 19 ቀን 2018 ይሆናል፤ ልዩነቱ 8 ሆነ ማለት ነው። ለሁሉም 8 የሚደምር፣ ወይም ቀኑንና ወሩን ሳይነካ ዓመቱን ብቻ የሚለውጥ ተርጓሚ ነው ይህን ጣጣ የሚያመጣው። ትርጉሙን ከመረከብዎ በፊት ቀኖቹን ራስዎ ያስሏቸው።

ቀጥሎ የስም ነገር አለ። «ፀ» በአንዱ ሰነድ በላቲን ሁለት ፊደል፣ በሌላው በአንድ ፊደል ተጽፎ ከሆነ ለእኛ ያው ስም ነው፤ ለእነሱ ሁለት ሰው ነው። ሁሉም ሰነድ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይከተል። ጣሊያኖች ኮኞሜ የሚሉት የቤተሰብ ስም በእኛ ዘንድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚለወጥ አባትና ልጅ በስም አይመሳሰሉም። የእናት ስም መለየቱ እዚያም የተለመደ ነው፤ ጣሊያናዊት አግብታም የራሷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። የአባትና የልጅ መለየት ግን ጥያቄ ያስነሣል። ስለዚህ የተተረጎመውን የልደት ወረቀት ሁለት ሦስት ቅጂ አድርገው ትምህርት ቤትም፣ ክሊኒክም፣ አየር ማረፊያም ሲሄዱ ከእጅዎ አይለዩት።

የታረመው የልደትና የጋብቻ ወረቀት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ወደ ጣሊያንኛ ተተርጉሞ፣ አዲስ አበባ ባለው የጣሊያን ኤምባሲ ይጸድቃል። ኑላ ኦስታው የሚያገለግለው ከወጣበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ብቻ ነውና እርማቱን ዛሬ ነገ አይበሉት። ጣሊያን ከገባችሁ በኋላ በ8 ቀን ውስጥ በፕሬፌቱራ (በአካባቢው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት) ወዳለው የስደተኞች ጉዳይ መስኮት፣ ስፖርቴሎ ኡኒኮ፣ መቅረብ ግዴታ ነው። ቀጠሮውን ባለቤትዎ ከወዲሁ ያስይዙ።

ጥያቄ፦ ሚላን ላለችው ልጄ በሰው እጅ ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ማር ልልክላት አስቤያለሁ። ይገባል? (እናት፣ ከማራኪ)

መልስ፦ በርበሬውና ሽሮው ያልፋሉ። ቅቤውና ቋንጣው አያልፉም። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዳያስገባ ይከለክላል፤ ቅቤው ቢነጠርም ያው የወተት ነው። ከተያዘ ተወርሶ ይወገዳል፣ ተሸካሚውም ሊቀጣ ይችላል። አደራ የተቀበለልዎትን ሰው እዚህ ውስጥ ማስገባት ተገቢ አይመስለንም። ማር በአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ክዳኑን በፕላስቲክ ጠቅልለው በሻንጣ ይላኩት።

ለቅቤው መላ አለው። ኮረሪማውን፣ አብሹንና የደረቀውን ኮሰረት ፈጭተው ለየብቻ አሽገው ይላኩላት። ጣሊያን ውስጥ የሚሸጠው ቅቤ በአብዛኛው ጨው የሌለው ባለ 250 ግራም ነው። አራቱን ገዝታ በለስላሳ እሳት ብታነጥር ወደ 800 ግራም ታወጣለች፤ የቀረው ውኃና አንጉላ ነው። ትኩስ ጤና አዳም አይላኩ፤ ትኩስ ቅጠል ያለ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይገባም። እዚያ ሩታ ይሉታል፣ ከችግኝ ሻጮች ታገኘዋለች። ጫት ግን በጣሊያን ሕግ ከአደንዛዥ ዕፅ የሚቆጠር ስለሆነ ማንም በዚያ አይቀልድ።

ጥያቄ፦ እኅቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላክልኝ ብላኛለች። ቮልቴጁ ይስማማል? (ከሳሙና በር)

መልስ፦ ቮልቴጁ ይስማማል፤ የእኛ 220፣ የእነሱ 230 ነው። የማይስማማው ጉልበቱ ነው። እዚያ የተለመደው የመኖሪያ ቤት ውል 3 ኪሎዋት ሲሆን ቆጣሪው ያለ ገደብ የሚታገሠው እስከ 3.3 ኪሎዋት ነው። የእኛ ምጣድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ፍሪጁ፣ ልብስ ማጠቢያው ሲጨመርበት ቆጣሪው ይቆርጣል፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል።

ሶኬቱ ከቆጣሪው ይብሳል። ጣሊያን ሁለት ዓይነት ሶኬት አለ፦ ቀዳዳው ጠባብ የሆነው 10 አምፔር፣ ሰፋ ያለው 16 አምፔር። የመጀመሪያው 2,300 ዋት፣ ሁለተኛው 3,680 ዋት ነው የሚችለው። በማስተላለፊያ ወይም በሦስት መንገድ ከፋፋይ ከጠባቡ ላይ የተሰካ ምጣድ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ምጣዱን ሳትልክ ዋቱን ከጀርባው አንብብ። ከ3,000 በላይ ከሆነ እኅትህ ኤሌክትሪክ አቅራቢዋ ውሉን ወደ 4.5 ኪሎዋት ከፍ እንዲያደርግላት ትጠይቅ፤ ወርኃዊ ክፍያዋ ጥቂት ይጨምራል። ከዚያ ባለሙያ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን መስመር ይዘርጋላት፦ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦና 16 አምፔር ማቋረጫ፤ ከ3,680 ዋት የሚያልፍ ምጣድ ግን ለዚህም አይሆንም። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩን ሳታስፈቅድ አትንካው። እኛን ከጠየቅከን ሸክላው በአውሮፕላን ጉዞ የመሰበር ዕድሉ ብዙ ስለሆነ ምጣዱን ትተህ እርሾውን አድርቀህ ብትልክላት ይሻላል፤ በጋዝ ላይ ሰፊ የማይዝ መጥበሻ ያወጣታል።

በብርዳቸው ወራት ሊጡ እንቢ ካላት ጥፋቱ የጤፉ አይደለም። ማሞቂያው ሌሊት ሲጠፋ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ በሦስት ቀን ይነሣ የነበረው ሊጥ አራትና አምስት ቀን ይፈልጋል። ምድጃውን ሳታበራ የውስጡን መብራት ብቻ አብርታ ሊጡን እዚያ ብታኖረው ሙቀቱ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው፤ ታናሹ 4። በዓመቱ አጋማሽ ብንደርስ ይቀበሏቸዋል? ጾምስ? (አባት፣ ከአራዳ)

መልስ፦ ይቀበሏቸዋል። የውጭ አገር ልጅ በዓመቱ በማንኛውም ጊዜ መመዝገብ ይችላል፤ በመሠረቱ የሚመደበውም ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ነው። እንቅፋት የሚሆነው ክትባት ነው። ከ2017 ጀምሮ 10 ክትባቶች ግዴታ ናቸው። የ7 ዓመቱ ልጅ ቢጎድለው ከክፍል አይባረርም፣ ወላጅ ግን ከ100 እስከ 500 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። የ4 ዓመቱ ግን ካልተሟላለት ሙአለ ሕፃናት አይገባም። ጆሮ ደግፍና ጉድፍ (ቫሪሴላ የሚሉት) በእኛ መደበኛ ክትባት ውስጥ የሉም፤ እዚያ ይሰጧቸዋል። የተከተቡትን ግን በካርድ ካላሳዩ እንደገና ሊወጉ ይችላሉና የክትባት ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ያኑሩት።

ጾሙን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤቱ ምሳ ካለው ለሃይማኖት የሚሆን ምግብ መጠየቂያ ቅጽ አለ። «ያለ ሥጋ» ብቻ ተብሎ ከተሞላ አይብ ይመጣለታል። ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ፣ ቅቤና እንቁላል እያሉ አንድ በአንድ ይጻፉ፤ የጾሙንም መነሻና መድረሻ ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያስገቡ። የገናችን ቀን፣ ጃንዋሪ 7፣ ብዙውን ጊዜ ከዕረፍታቸው በኋላ ትምህርት የሚከፈትበት ቀን ስለሚሆን መቅረቱን አስቀድመው ለመምህሩ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ ለልጅ ልጆቼ የምደውልበት ሰዓት እየተምታታ ተቸገርኩ። (አያት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እማማ፣ እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚለውጡ ነው፤ በማርች መጨረሻ እሑድና በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ። በብርዳቸው ወራት ከእኛ 2 ሰዓት፣ በሙቀታቸው 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ልጆቹ በእነሱ 18 ሰዓት ላይ ቤት ካሉ በጥር ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በሐምሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይደውሉላቸው።