ያለ ጎረቤት የማይወለዱ ኮከቦች፦ ጥያቄና መልስ

ነጭ ድንክ ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ ትቶት የሚሄደው እምብርት ነው። አብዛኞቹ የፀሐይን ክብደት 0.6 ያህል ይመዝናሉ። የደረሱኝ ጥያቄዎች ከ0.3 በታች ስለሆኑት ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮከብ ብቻውን ኖሮ እንዲህ ሊቀልል አይችልም?

መልስ፦ ገና ጊዜው አልደረሰም። ትንሽ ኮከብ ነዳጁን የሚጠቀመው እየቆጠበ ነው። ይህን ያህል ቀላል እምብርት ትቶ ለማለፍ ከዩኒቨርስ ዕድሜ፣ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንዱ ሲገኝ ወዲያው ጎረቤቱ ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቱ ምን አድርጎት ነው?

መልስ፦ ገፎት። ኮከቡ አርጅቶ ሲያብጥ ውጫዊ ጋዙን የጎረቤቱ ስበት ይስበዋል። አንዳንዴ ጋዙ ቀስ እያለ ይፈስሳል። አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱንም ይውጣቸዋል፤ በውስጡ እየዞሩ ይቀራረባሉ፣ ጋዙም ተበትኖ ይሄዳል። እምብርቱ ሂሊየም ለማቀጣጠል የፀሐይን 0.47 ያህል ክብደት መድረስ ነበረበት። ሳይደርስ ተራቆተ። ሌሎቹ ሂሊየማቸውን አቃጥለው ካርቦንና ኦክስጅን ሲሆኑ እሱ ሂሊየም ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ቀላል ከሆነ ትንሽ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እንዲያውም ተቃራኒው። ነጭ ድንክ በቀለለ ቁጥር ይሰፋል።

ጥያቄ፦ እስቲ አንድ ምሳሌ ስጠን።

መልስ፦ እኔ የምወደው በ2011 ይፋ የሆነውን፣ ጄ0651 የተባለውን የሁለት ነጭ ድንኮች ጥንድ ነው። አንዱ የፀሐይን 0.26፣ ሌላው 0.5 ይመዝናል። ቀላሉ በስፋት የምድር አራት እጥፍ ሲሆን ከባዱ አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከምድር እስከ ጨረቃ ካለው ሲሶ አይሞላም። ቀላሉ በሰከንድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል፤ አንድ ዙር የሚጨርሱት በ12.75 ደቂቃ ነው። ከእኛ ሲታዩ አንዱ ሌላውን ስለሚጋርድ ግርዶሹ እንደ ሰዓት ያገለግላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ግርዶሹ ቀድሞ ከተሰላው ሰዓት ስድስት ሰከንድ ያህል ቀድሞ መጣ። በቃ፣ ምህዋሩ እየጠበበ ነው!

ጥያቄ፦ የሚያጠብበው ምንድን ነው?

መልስ፦ በዋናነት የስበት ሞገድ፣ ማለትም ከባድ አካላት ሲዞሩ በጠፈር ውስጥ የሚነሣ መርገብገብ። ሲዞሩ ኃይል ይዞ ይወጣል፣ እነሱም ይጠጋጋሉ። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2035 ገደማ ሊያመጥቀው ያቀደው ሊሳ የተባለ የጠፈር መሣሪያ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን ሞገድ ከጠፈር ያዳምጣል። በ6.91 ደቂቃ የሚዞር ጥንድም በ2019 ይፋ ሆኗል።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ፍንዳታ ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። የጄ0651 ጥንዶች ከ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ይነካካሉ። ከዚያ ከባዱ የቀላሉን ሂሊየም ረጅም ጊዜ ሊቀዳ ይችላል። ወይ ተዋህደው ሂሊየም የሚያቃጥል አዲስ ኮከብ ይሆናሉ፤ ፍንዳታም አይገለልም።