የጌኮ ወንድና ሴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ሌፐርድ ጌኮ የሚባሉትን ባለ ነጠብጣብ እንሽላሊቶች ያሳድጋል። ሰሞኑን ሴቷ ሁለት እንቁላል ጣለችና «የኢንኩቤተሩን ሙቀት አስተካክዬ ሴት አስፈለፍላለሁ» ብሎ ተነሣ። አባቱ «ወንድና ሴት የሚሰጠው እግዚአብሔር እንጂ ቴርሞሜትር ነው?» ብሎ ሳቀበት። የማን ልክ ነው?
እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ ያለው ነገር አለ። የሰውም የዶሮም ጾታ ገና ከፅንሰቱ ተወስኖ ያድራል፤ የሌፐርድ ጌኮ እንቁላል ግን ሲጣል ገና አልተለየም። የሚለየው ፅንሱ በሚያድግባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ባገኘው ሙቀት ነው። የአርባ ምንጭ አዞዎችም እንደዚሁ ናቸው። ይህን መጀመሪያ የደረሱበት ተመራማሪዋ ማድሊን ሻርኒዬ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ሴኔጋል ውስጥ የአጋማ እንሽላሊት እንቁላል ሲያጠኑ ነው።

በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (79 ፋራናይት) የሚፈለፈሉት ሁሉም ለማለት ይቻላል ሴት ናቸው። 32.5 ላይ ወንዱ ይበዛል፤ ከአራቱ ሦስት ገደማ። ወደ 34 ሲወጣ ደግሞ እንደገና ሴት ይሆናሉ። ልጅዎ በዚህ በኩል እንዳይሄድ! እነዚህ ሴቶች ቁጡ ናቸው፣ እንቁላል ላይጥሉም ይችላሉ። 27 ወይም 28 ላይ ያድርገው፤ ሁለት ወር ገደማ ይታገሥ። ሴት መፈለጉስ ደግ ነው፤ ሁለት ወንድ አንድ ሳጥን ውስጥ ከገባ መነካከስ ነው።

ቴርሞሜትሩ የት እንደተቀመጠ ይዩልኝ። እኔ ወንድ ፈልጌ 90 ፋራናይት (32 ዲግሪ ገደማ) ላይ አድርጌው ነበር፤ ለካ ቴርሞሜትሩን የለጠፍኩት ክዳኑ ላይ ነው። ዘግይቼ እንቁላሎቹ ዘንድ ሳወርደው 84 (29 ዲግሪ ገደማ) አነበበ። ስድስት እንቁላል፣ ስድስቱም ሴት! የወንድ ስም አውጥቼ ጨርሻለሁ፤ ጎበዜ ዛሬም ጎበዜ ተብላ ነው የምትጠራው።

ሌላው፣ እንቁላሉን እንደ ዶሮ እንቁላል አያገላብጡት፤ ፅንሱ ሊሞት ይችላል። ከላይ በኩል በእርሳስ ትንሽ መስቀል ያድርጉበትና በዚያው አኳኋን ይተዉት። ጫጩቶቹ ሲወጡም ጾታቸው አይታይም። ስድስት ወር ገደማ ሲሞላቸው ከጅራታቸው ሥር በባትሪ ይዩ፦ ወንዱ ተገልብጦ የተጻፈ «V» የሚመስል የነጥብ ረድፍና ሁለት እብጠት አለው። እስከዚያ ድረስ ስም አታውጡ።