ብሊዮማይሲንና ሳንባ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለሆጅኪን ሊምፎማ (የሊምፍ ካንሰር) ኤቢቪዲ የተባለውን የአራት መድኃኒቶች ጥምር ጀምሯል። ከአራቱ መድኃኒቶች ብሊዮማይሲን ሳንባ ይጎዳል አሉን። ለምን ሳንባን?

መልስ፦ ቆዳንም ይነካል። መድኃኒቱን የሚያመክነው ኢንዛይም በሳንባና በቆዳ ውስጥ በጣም ትንሽ ነው። እዚያ ሳይመክን ይቆይና ከብረትና ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ሴሎቹን ያቆስላል፤ ቁስሉ ጠባሳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የሚወገደው በዋናነት በኩላሊት ስለሆነ ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ሳይታይ አይሰጥ። ለዘር ፍሬ ካንሰር ከሲስፕላቲን ጋር ለሚወስዱት ይህ ይብሳል፤ ሲስፕላቲን ራሱ የኩላሊት ጠላት ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ሲደርስ ነው የሚያሰጋው?

መልስ፦ ድምሩ ከ400 ዩኒት ሲያልፍ አደጋው በግልጽ ይጨምራል። በኤቢቪዲ በየሁለት ሳምንቱ በካሬ ሜትር 10 ዩኒት ይሰጣል፤ የሰውነቱ ስፋት 1.7 ካሬ ሜትር ለሆነ ሰው አንድ ዙር ሁለት መርፌ ስለሆነ ስድስት ዙር ሲሞላ 204 ይሆናል። ከ400 በታችም የሚጎዱ አሉና ቁጥሩ አያዘናጋችሁ፤ በተለይ ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ የሚያጨስ ወይም ደረቱ ላይ ጨረር የወሰደ ከሆነ። ድምሩን በየጊዜው ደብተር ላይ ጻፉ።

ጥያቄ፦ መከላከያ የለውም? ነጭ ሽንኩርት በማር እየሰጠነው ነው።

መልስ፦ ቀድሞ ተወስዶ ሳንባን እንደሚጠብቅ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፤ ቫይታሚንም ስቴሮይድም አይደለም። ከማሩ ጋር ጠብ የለኝም፤ ግን ሳሉን አስታግሶ ምልክቱን እንዳይሸፍንባችሁ። የሚጠቅመው መድኃኒቱን መቀነስ ነው፦ በሽታው ተስፋፍቶ የተገኘ ሰው ከሁለት ዙር በኋላ የተነሳው ፔት ስካን (በሥራ ላይ ያለ ካንሰርን የሚያሳይ ምስል) ንጹህ ከሆነ፣ ብሊዮማይሲን ወጥቶ በሦስቱ መቀጠል ይቻላል። በ2016 የታተመው ራትል የተባለው ጥናት ይህን ደግፏል። ሐኪሙን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በወሰደ ማታ አተኮሰው።

መልስ፦ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ በማግስቱ የሚጠፋ ትኩሳት ከዚህ መድኃኒት የተለመደ ነው። ቢሆንም 38 ዲግሪ ከደረሰ ደውሉ፤ ነጭ የደም ሴሉ ወርዶ ከሆነ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ምን እንከታተል?

መልስ፦ ደረቅ ሳልና ዳገት ወይም ደረጃ ላይ የሚያጥር ትንፋሽ። የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ ሕክምናው ሳይጀመር፣ አለዚያም ዛሬውኑ፣ ተቀምጦም ስድስት ደቂቃ ተራምዶም ለኩት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የጤነኛ ሰው ቁጥርም ከቆላው ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የሚወዳደረው ከራሱ ቁጥር ጋር ነው። ሲራመድ ቁጥሩ በ4 ነጥብ ከወረደ ቀጣዩ መድኃኒት ሳይሰጥ ይታይ። ቀዝቃዛ ጣትና የጥፍር ቀለም ልኬቱን ያዛባሉ። ሐኪሙ ሲቲ ስካን አንስቶ ኢንፌክሽንን፣ በእኛ አገር ቲቢንም፣ ከለየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ይጀምራል። ይህ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ምልክቱ ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ወደፊት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገውስ?

መልስ፦ ዓመታት ቢያልፉም ብሊዮማይሲን መውሰዱን ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩ። ብዙ ኦክስጅን ጉዳቱን ሊቀሰቅስ ስለሚችል በሚበቃው ትንሹ መጠን፣ ብዙ ጊዜ የደሙ የኦክስጅን ልኬት ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲሆን ታልሞ፣ ይሰጣል። የምር ኦክስጅን ሲያጥረው ግን ይህን ብላችሁ እንዳትከለክሉት።